የእቴቴ ምጣድና የአገሬ ቃል

ደሴ የገባሁት ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ሸሚዝ የከበደው መንገደኛ ሐረጎን ተጠማዝዞ ወጥቶ ደሴ ሲደርስ ጋቢ ይናፍቀዋል። ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ውስጥ አየሩ እንዲህ ይለዋወጣል። የአክስቴ ቤት ከጦሳ ግርጌ ነው። ዳገቱን እያለከለክሁ ወጥቼ የግቢውን በር ስገፋ፣ ከሰው በፊት እንኳን ደህና መጣህ ያለኝ ጭስ ነው።

«መብራት ሄዷል» አለችኝ እቴቴ፣ ሳልጠይቃት። እጇን በሻሿ ጫፍ ጠርጋ አገላብጣ ሳመችኝ። ዓይኗ ቀልቷል። ከማድ ቤቱ ጥግ እኔው የገዛሁላት የኤሌክትሪክ ምጣድ በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ እንደ ክብር እንግዳ ተቀምጧል። ሥራውን የያዘው ግን ሦስቱ ጉልቻ ነው።

«እስኪመጣ ብትጠብቂስ፣ እቴቴ?»

«እኔማ እጠብቅ ነበር። ሊጡ ነው የማይጠብቀው። ይኸው ኩፍ ብሎ ሊገነፍል ነው።»

ሌላ ሰው ቢሆን ሣቅ ብሎ ያልፈው ነበር። እኔ ግን ያንን ጭስ ባየሁ ቁጥር አፍራለሁ። ቃል አለብኝና።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2004 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በትርጉም ሥራ እንጀራዬን እጋግር ነበር። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ኢትዮጵያ «ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ» ያለችውን ስትራቴጂ በደርባኑ ጉባኤ ለዓለም አሳየች። ስለ ስትራቴጂው ለየስብሰባው የሚታደሉ ወረቀቶችን ወደ አማርኛ ከሚመልሱት አንዱ እኔ ነበርኩ። በገጽ እንጂ በቁም ነገር የሚከፈለን ስላልነበርን፣ ብዙውን ጊዜ የምንተረጉመውን ነገር አናነበውም ብል ውሸት አይሆንብኝም። አንድ ቀን ግን አንድ ገጽ ላይ እጄ ቆመ። ገጹ ስለ ምድጃ ነበር። የኢትዮጵያ ገጠር ቤተሰብ ስንት እንጨት እንደሚያነድ፣ ያ እንጨት ስንት ዛፍ እንደሆነ፣ ዛፉ ሲነድ ስንት ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚወጣው ይናገራል። አገሪቱ ለዓለም ልትገባው ካሰበችው ቃል ውስጥ አንዱ ትልቅ ድርሻ የሚገኘው ከማድ ቤት ነው ይላል። ከፋብሪካ ጭስ ማውጫ ሳይሆን ከማድ ቤት! ያኔ የእቴቴ ዓይን ታየኝ። ስልክ አነሣሁና ደወልኩላት።

«እቴቴ፣ ከዚያ ጭስ አወጣሻለሁ።»

«አብሽር፣ የኔ ልጅ። አላህ ካለ» አለችኝ። ቃል እየሰማች ያረጀች ሴት ናት፤ ድምጿ ውስጥ ጥድፊያ አልነበረም።

ጨርሶ ቃሌን በላሁ እንዳትሉኝ። በ2005 ምርጥ ምድጃ የሚባለውን፣ ከሲሚንቶና ከአሸዋ ተሠርቶ በክፍል በክፍል የሚገጣጠመውን፣ በአውቶቡስ ጭኜ ላክሁላት። ይህ ምድጃ የአገራችን የኃይል ጥናት ባለሙያዎች የእንጀራን ነገር አስበው የሠሩት ነው፤ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እንጨቱን ወደ ግማሽ ያወርደዋል። እቴቴ ወደደችው። ቤት ስትቀይር ግን ከክፍሎቹ አንዱ ተሰበረ፣ ምትኩን ለብቻው የሚሸጥ ሰው ፈልጌ አጣሁ፣ የቀሩትም የዶሮ ውኃ ማስቀመጫ ሆኑ። በ2010 የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዛሁላት። እሱ ደግሞ በ2014 ሄደ። ከጥቅምት ማብቂያ እስከ ኅዳር 27 ድረስ ደሴ ላይ የሆነውን ደሴ የነበረ ሰው ያውቀዋልና እኔ ከአዲስ አበባ ሆኜ የሰማሁትን አልተርክም። ብቻ ቤቱ ሲበረበር ምጣዱም አብሮ ወጣ። «ከዚያ ወዲያ መብራትም ስላልነበር አልቆጨኝም» ትላለች። በነዚያ ሳምንታት ሰፈሩ ሁሉ ወደ ዛፍ ዞረ፤ እሷም የጓሮዋን ግራር በእጇ አስቆረጠች። ዛሬ ጥግ ላይ በጨርቅ የተሸፈነው በ2016 የገዛሁት ሁለተኛው ነው።

ይኸውላችሁ፣ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ቃሌ ዛሬም ጉልቻ ላይ ተጥዷል።

አንድ ተርጓሚ ለአንዲት አክስቱ የገባው ቃል እንዲህ ከሆነ፣ አገር ለዓለም የገባው ቃል እንዴት ይሆን ብዬ ማሰብ የጀመርኩት በዚያ ምሽት፣ የጋለውን እንጀራ በበርበሬ እየጠቀለልኩ ነው። አንባቢን እንዳላሰለች ቁጥሩን ባጭሩ ላስቀምጠው።

ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአየር ንብረት ስምምነት ያጸደቀችው በ1986 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ፣ በኋላ በኪዮቶም ቢሆን፣ የመቀነስ ግዴታ የተጫነው በበለጸጉት አገሮች ላይ ብቻ ነበር። የፓሪሱ ስምምነት ነው ሁሉንም «እናንተስ ምን ትላላችሁ?» ብሎ የጠየቀ። ኢትዮጵያ መልሷን ቀድማ በሰኔ 2007 ሰጠች፦ እ.ኤ.አ. በ2030 ሊወጣ ከሚችለው 400 ሚሊዮን ቶን ሙቀት አማቂ ጋዝ 255 ሚሊዮኑን አስቀራለሁ፣ 145 ብቻ ይወጣል አለች። 64 በመቶ ማለት ነው። ስምምነቱን በ2009 አጸደቀች። በሐምሌ 2013 ደግሞ ቃሏን አደሰችና መቶኛውን ወደ 68.8 አወጣችው።

መጀመሪያ ይህን ስሰማ ደንግጫለሁ። ከሚነደው ሁሉ ከሁለት ሦስተኛ በላይ ልናጠፋ ነው ወይ? በኋላ ነው ቁጥሩ የሚቀነሰው ካለው ላይ እንዳልሆነ የገባኝ። እ.ኤ.አ. በ2010 የአገሪቱ ልቀት ወደ 150 ሚሊዮን ቶን ነበር። 145 ማለት እንግዲህ ባሉበት መርገጥ ማለት ነው። የሚቀነሰው ወደፊት ይመጣል ተብሎ ከተገመተው ነው። አንድ አባወራ፣ «ልጄ እያደገ ነው፤ ዝም ብለው በቀን አሥር እንጀራ ሊበላ ነበር፤ እኔ ግን ከሦስት ተኩል ብዙም እንዳያልፍ አድርጌ አሳድገዋለሁ» ቢል ጎረቤት ሊሥቅ ይችላል። ግን ልብ በሉ፤ ልጁ ማደጉ እውነት ከሆነ ቃሉ ቀላል ቃል አይደለም። ሌሎቹ ሀብታም የሆኑት በድንጋይ ከሰልና በነዳጅ ነው። እኛ ያንን መንገድ ሳንረግጥ እናድጋለን ማለታችን ነው። ያን ጊዜ ለአንድ ኢትዮጵያዊ የሚደርሰው ልቀት በዓመት ከሁለት ቶን በታች ሲሆን ለአንድ አውሮፓዊ ከ10 በላይ፣ ለአሜሪካዊው ከ20 በላይ ነበር። እኔ ራሴ ነኝ የተረጎምኩት።

ይልቅስ ያስገረመኝ የድርሻው አከፋፈል ነው። በ2007ቱ ቃል ከ255 ሚሊዮን ቶን ውስጥ 130 ሚሊዮኑ ከደን ይገኛል ተብሎ ነው የተጻፈው። 90 ከእርሻና ከከብት፣ 20 ከኢንዱስትሪ፣ 10 ከትራንስፖርት፣ 5 ከሕንፃዎች። የእቴቴም ምድጃ የሚቆጠረው ከደኑ ጋር ነው። ማለትም አገሪቱ ለዓለም ከፈረመችው ውስጥ ዘጠኝ አሥረኛ ያህሉ የቆመው በገበሬ ማሳ፣ በተራራ ጎንና በሴቶች ማድ ቤት ላይ ነው። ላሚቱም አልቀረችም፤ ስታመሰኳ የምታወጣው ሚቴን ተቆጥሮባታል። ለዚህ ሲባል ከምንበላው ሥጋ የዶሮ ድርሻ 30 በመቶ እንዲደርስ ስትራቴጂው አስቧል። ይህን ለእቴቴ ስነግራት ልብሷን እስክትይዝ ሣቀች። «ዶሮ በስንት ገብቶ! ለዒድም አላየናት» አለችኝ።

በ2013ቱ ቃል ውስጥ ደግሞ ለተርጓሚ የሚያስቸግር ነገር አለ። ከ68.8 በመቶው ውስጥ 14 በመቶው ብቻ ነው በራሳችን አቅም፣ ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ የሚደረግ። የቀረው 54.8 በመቶ «ድጋፍ ከተገኘ» የሚል ነው። ወጪው እስከ 2030 በጠቅላላ 316 ቢሊዮን ዶላር ተገምቶ፣ ከአምስት እጅ አራቱ ከውጭ ይጠበቃል። ያንን በአማርኛ ለገበሬ እንዴት ትለዋለህ? አንድ ጓደኛዬ «በቅድመ ሁኔታ» ብሎ ይጽፋል፤ ትክክል ነው፣ ግን ማንም አይሰማውም። እኔ ሳስበው «ዋስ ከተገኘ» ማለት ይቀርበዋል። አቅም የሌለው ሰው ዋስ ጠርቶ ነው ቃል የሚገባው፤ ዋሱ ከሸሸ ጣጣው ለሁለቱም ነው።

ስለ ዋስ ካነሣን የእቁቡን ነገር ማንሣት ግድ ነው። እቁብ ውስጥ የመጀመሪያው ዕጣ የወጣለት ሰው ብሩን የሚወስደው ዋስ ጠርቶ ነው። ለምን ቢሉ፣ በልቶ እንዳይጠፋ። የዓለም የአየር እቁብ ግን የመጀመሪያዎቹ ዕጣ ሲወስዱ ዳኛም ጸሐፊም አልነበረውም። መቶ ሃምሳና ሁለት መቶ ዓመት በሉ። ታኅሣሥ 2002 ኮፐንሃገን ላይ፣ መለስ ዜናዊ የአፍሪካ ቃል አቀባይ ሆነው በተቀመጡበት ጉባኤ፣ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በየዓመቱ 100 ቢሊዮን ዶላር ለድሆቹ አገሮች እናዋጣለን ተባለ። ራሳቸው ሀብታሞቹ ባወጡት ሒሳብ ገንዘቡ የሞላው በ2022 ነው፤ በመንግሥታት በኩል ከመጣውም አብዛኛው ብድር ነው። እቁብተኛ መዋጮውን አበድሮ ሲከፍል አይታችሁ ታውቃላችሁ? በታሪክ ከሁሉ የበለጠ ያጨሰችው አሜሪካ ደግሞ በ2009 ዓ.ም. ከፓሪሱ ስምምነት እወጣለሁ አለች፤ በጥቅምት 2013 ወጣች፤ በዚያው ዓመት የካቲት ተመለሰች፤ በጥር 2017 መልሳ የመውጫ ትእዛዝ ፈረመች። እንዲህ ያለ እቁብተኛ የደሴ ነጋዴ ቢሆን ኖሮ ዳግም ማን ያስቀምጠዋል?

ይህን ስል የራሳችንን ጉድ በነሱ ጉድ ልሸፍን አይደለም። ማግሥቱን ወደ ደሴ ዙሪያ ወጥቼ የሰማሁት ጉድ የራሳችን ነውና።

የአክስቴ ባል ታላቅ ወንድም ገጠር ነው የሚኖሩት፣ ከደሴ በእግር የሁለት ሰዓት መንገድ። ሰማንያን ያለፉ ሽማግሌ ናቸው። ሁላችንም «አባባ» እንላቸዋለን። ቡናው እስኪፈላ ከቤታቸው ፊት ለፊት ያለውን ተራራ በከዘራቸው እያሳዩኝ ያወሩልኝ ጀመር። ተራራው ጎኑ ሁሉ በእርከን ተቆራርጧል። ከሩቅ ሲያዩት የተጣጠፈ ነጠላ ይመስላል።

«ያቺን ጉድጓድ ታያታለህ? ሦስት ጊዜ ነው የቆፈርኳት» አሉኝ።

የትኛዋን እንደሆነ አላየኋትም፤ አየሁ አልኩ።

መጀመሪያ የቆፈሩት በደርግ ጊዜ ነው። በ1966ቱ ረሀብ አባታቸውን ቀብረዋል። በ1977ቱ ደግሞ ሁለት ልጆች። (የነዚያ ረሀቦች ምክንያት የፋብሪካ ጭስ ነው ብዬ አልቀጥፍም። ዝናብ ቀረ፣ ማሳው ተራቁቶ ነበር፣ መንግሥታቱም አንዱ ሸሸገ፣ ሌላው በዓል ላይ ነበር። ዛሬ የምናውቀው ነገር ቢኖር ዓለም በሞቀች ቁጥር እንዲህ ያለው ቦታ ቀድሞ እንደሚጎዳ ነው። በ2008 ዓ.ም. ኤልኒኞ ባመጣው ድርቅ 10.2 ሚሊዮን ሰው እርዳታ ጠብቋል፤ ደቡብ ወሎም ውስጡ ነበረች።) በዚያ ዘመን የዓለም ምግብ ፕሮግራም እህል እያመጣ፣ ሕዝቡ እርከን ይሠራል፣ ችግኝ ይተክላል፤ የቀን ክፍያው ሦስት ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት ነበር። አባባ ልኬቱን ሳልነግራቸው ራሳቸው ነገሩኝ። ዘይቱን በምን ዓይነት ጣሳ እንደሚሰፍሩላቸው ጭምር በእጃቸው ሠርተው አሳዩኝ።

«ተከልን። ጸደቀ። ጥድም ባሕር ዛፍም ነበር፤ ጅብ መደበቅ ጀምሮ ነበር እኮ! ከዚያ 83 መጣ።»

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲወድቅ ጥበቃው ጠፋ፣ ማኅበሩም ፈረሰ። በወሎ ብዙ ቦታ የሆነው እዚህም ሆነ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ተራራው ተላጨ።

«እርስዎስ ቆረጡ፣ አባባ?»

ዝም አሉ። ምራቴ ናት የሚሏት ሴት ቡናውን አቀረበች። አቦሉን ፉት ብለው ነው የመለሱልኝ። «ቆረጥኩ እንጂ። ሌሊት። ሰው ሁሉ ሲቆርጥ እኔ ለማን ልተወው? የኔ ቢሆን እኮ አልቆርጠውም ነበር። የመንግሥት ነው ተባልን፤ መንግሥት ሄደ፤ ታዲያ የማን ነው?»

ሁለተኛውን ጉድጓድ የቆፈሩት ከዚያ በኋላ በተፋሰስ ልማት ዘመቻ ነው። ሦስተኛውን በሐምሌ 2011 ዓ.ም.፣ በመላ አገሪቱ በአንድ ቀን ከ353 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ በተባለበት ሳምንት። ያን ቁጥር ዓለም ሁሉ አስተጋብቶታል። እኔ ግን የአባባ ጉድጓድ በየትኛው ዓመት ቁጥር ውስጥ እንደተመዘገበች ሳስብ፣ ሦስቴ ተቆጥራ ይሆናል እላለሁ። ዛፍ ግን አንድ ነው ሊበቅልባት የሚችለው፤ እሱም ከበቀለ።

ልብ ያልኩት ሌላ ነገር አለ። የአባባ ቤት ዙሪያ፣ ከጓሮው እስከ ወንዙ፣ ባሕር ዛፍ ጥቅጥቅ ብሏል። ማንም አልዘመተበትም። ማንም ቀበሌ ጠርቶ አላስተከለውም። ቋሚ ለሚፈልግ ይሸጡታል፣ ለልጅ ትምህርት ቤት ይሆናል፣ ለሰርግ ይሆናል። ባሕር ዛፍ ምንጭ ያደርቃል፣ አፈር ያጎሳቁላል የሚለውን ክርክር አውቀዋለሁ፤ እውነትም አለው። ግን ቆሟል! ወዲያ ማዶ ያለው የሁሉም የሆነው ተራራ ግን ሦስት ጊዜ ተተክሎ እንደ ቁርጥራጭ ፀጉር ነው።

ይህን ያየ ሰው ሁምቦን ማስታወሱ አይቀርም። ወላይታ ውስጥ ነው። 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ፣ አዲስ ችግኝ በገፍ ከመትከል ይልቅ ከመሬት በታች የነበረው ጉቶ እንዲያቆጠቁጥ ተከለለ። ገበሬዎቹ በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው የይዞታው ባለ መብት ሆኑ። ዛፉ ለሚይዘው ካርቦን በዓለም ባንክ በኩል ገንዘብ መጣላቸው። በ2002 ዓ.ም. ሲመዘገብ በአፍሪካ ከዓይነቱ የመጀመሪያው ትልቅ ሥራ ነበር። ስለዚህ ተራራ ለአባባ ስነግራቸው ብዙም አልተደነቁም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። «ወረቀቱ በማን ስም ነው?»

ይህን ጥያቄ በጉባኤ ላይ አንድም ቀን ሲጠየቅ አልተረጎምኩም።

በሦስተኛው ቀን ጉዳይ ነበረኝና ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ኮምቦልቻ ሌላኛው የቃሉ ገጽ ነች፤ የኢንዱስትሪውና የመጓጓዣው። የጨርቃ ጨርቁና የቢራው ፋብሪካ፣ በ2009 የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ደረቅ ወደቡ፣ ሁሉም በቦርከና ዳርና ዳር ተሰብስበዋል። ቦርከና ልጅ ሆነን የዋኘንበት ወንዝ ነው። አሁን ከደሴ ጀምሮ የከተማውን ሁሉ እየተቀበለ ስለሚወርድ ማንም እጁን አይነክርበትም። (ይህ በቶን አይቆጠርም፤ ጄኔቭም ቦንም አይላክም።)

ከዋናው መንገድ ዳር ቆሜ የከባድ መኪናዎቹን ሰልፍ አየሁ። ወደ ባቲ፣ ወደ ሚሌ፣ ወደ ጅቡቲ የሚወርዱ ናቸው። እያንዳንዱ ዳገት ሲጀምር የሚተፋው ጥቁር ጭስ እቴቴን ያስንቃል። ከነሱ ራቅ ብሎ የባቡሩ ሐዲድ ተዘርግቷል፦ ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል እስከ ሐራ ገበያ፣ 392 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በኤሌክትሪክ የሚሄድ። የመሠረት ድንጋዩ በ2007 የተጣለው እዚሁ ኮምቦልቻ ነው፤ ለዓለም ቃሉ በተሰጠበት ዓመት። ጭነት ከናፍጣ መኪና ወደ ኤሌክትሪክ ባቡር መዛወሩ በስትራቴጂውም የተጻፈ ነው። ተራራው ተበሳ፣ ድልድዩ ቆመ፣ ሐዲዱ ተነጠፈ። ከአዋሽ እስከ ኮምቦልቻ ያለው ክፍል ከሞላ ጎደል ሲያልቅ የሚያንቀሳቅሰው ኃይል አልደረሰለትም ነበር። ሲጠበቅ ሲጠበቅ በ2014 ጦርነቱ ደረሰበትና ተጎዳ።

አንድ ፍየል ጠባቂ ልጅ ሐዲዱ ላይ ተቀምጦ ሸንኮራ ይመጣል።

«ባቡር ቢመጣስ?» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «ጋሼ፣ የየት አገር ሰው ነህ?»

ፍትሕ ለማድረግ ያህል፣ አንዳንዱ ቃል ከተጠበቀውም በላይ ሄዷል። በጥር 2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ከውጭ እንዳይገባ ከልክያለሁ አለ፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ ዓለም ማመን አቅቶት ነበር። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የሕዳሴው ግድብ ተመረቀ። ግድቡ የድንጋይ ከሰል ጭስ የለበትም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ከአፍሪካ ስንቱ አገር ነው መብራቱን ከውኃና ከነፋስ የሚያገኝ?

ማታ ስመለስ ይህንኑ ለእቴቴ አነሣሁላት። ተነሥታ ሄዳ ከሳጥኗ ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አመጣች። የቦንድ ወረቀት ነው። በ2003 ግድቡ ሲጀመር ሰዉ ሁሉ ሲገዛ እሷም በርበሬ ሸጣ የገዛችው። በጦርነቱ ጊዜ ምጣዱ ሲሄድ ይህ የተረፈው በልብሷ ውስጥ ሰፍታው ስለነበር ነው።

«ግድቡ አለቀ አይደል?» አለችኝ።

«አለቀ፣ እቴቴ።»

«እንግዲያው የቀረው ከዚያ እስከዚህ ያለው ሽቦ ነዋ።»

ለማስረዳት ሞከርኩ። ኃይል ማመንጨት አንድ ነገር እንደሆነ፣ ማሰራጨት ሌላ፤ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ያረጀ እንደሆነ፣ ምጣድ ብዙ ኃይል ስለሚስብ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲሰካ እንደሚያቅተው። እስክጨርስ አዳምጣኝ «እሱን እኔም አውቃለሁ» አለችኝ። «የሰፈሩ ሴት ሁሉ በተራ እንጋግር ብለን ተስማምተን ነበር። ማክሰኞ እኛ፣ ረቡዕ እነሱ። ሦስት ሳምንት ሠራ። ከዚያ ረመዳን ገባና ሁሉም በአንድ ቀን ጋገረ።»

በኅዳር 2020 ዓ.ም. ሠላሳ ሁለተኛው የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ሊደረግ ተወስኗል። ብዙ ሺህ እንግዳ ይመጣል። ተርጓሚ ይፈለጋል፤ እኔም ሳልመዘገብ አልቀርም። ያኔ እ.ኤ.አ. 2030 ሊገባ የሚቀረው ከሁለት ዓመት ብዙም አይበልጥም። ከመድረኩ የሚነገረውን ቁጥር አሁንም በጥንቃቄ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ፤ 68.8ን 69 አልልም። ግን «ድጋፍ ከተገኘ» የሚለው ላይ ስደርስ የአባባ ጥያቄ አፌ ላይ እንዳይመጣብኝ እሰጋለሁ።

ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ገደማ ይመስለኛል፣ አምፖሉ ዓይኔ ላይ ቦግ ሲልብኝ ነቃሁ። ሳላጠፋው ተኝቼ ኖሯል። ከማድ ቤት የእግር ኮቴ ሰማሁ። ወጥቼ ሳይ እቴቴ ጋቢዋን ተከናንባ ጨርቁን ከኤሌክትሪኩ ምጣድ ላይ ታነሣለች።

«አሁን? በዚህ ሌሊት?»

«የጎረቤቷ ሊጥ ነው፤ ለነገ ሰደቃ አለባቸው። አሁን ካልጋገርኩላት መቼ?» አለችና ሶኬቱን ሰካች። «ባይሆን ያንን እንጨት ከዝናቡ አግባልኝ፣ የኔ ልጅ። እንዳይርስ።»

እንጨቱን ታቅፌ አስገባሁት።